ከሲቲ ስካን በኋላ በሽንት የሚወጣው ኮንትራስት፦ ከሆስፒታል ፍሳሽ ማውጣት ይቻላል?

የሲቲ ሰው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርመራ ማዕከል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሲቲ ስካን ላይ ነው የምውለው። ስለ ኮንትራስት ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው። በደም ሥር የምንሰጠውን፣ ደም ሥሩንም ኩላሊቱንም እብጠቱንም አጉልቶ የሚያሳየውን ፈሳሽ ማለቴ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ኮንትራስቱ ውስጥ አዮዲን አለ። አዮዲን ኤክስሬይን ስለሚያግድ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጠርሙሱ ላይ 300 ወይም 350 የሚል ቁጥር ይጻፋል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንዳለ ነው የሚናገረው። ባለ 350ውን 100 ሚሊ ሊትር ከሰጠን አንድ ሰው ውስጥ 35 ግራም አዮዲን አስገባን ማለት ነው። ሰው ለጤናው በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አስቡት፣ በአንድ መርፌ ለአንድ ሰው ከ600 ዓመት በላይ የሚበቃ አዮዲን እንሰጣለን።

ሰውነት ይህን ፈሳሽ አይነካውም። ጉበት አይሰብረውም፣ ሆድ አይፈጨውም። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሹን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ማለት ይቻላል እንደገባ ይሸናዋል። እኛም «ውሃ በደንብ ጠጡ» ብለን እንሸኛለን። ከዚያ የት እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የእኛ ሕንፃ ፍሳሽ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሲሞላ መጣጭ ቦቴ ይወስደዋል።

የምጠይቀው ይሄ ጉዳት አለው ወይ ነው። ከፍሳሹ ማውጣትስ ይቻላል? እንደኛ ያለ ማዕከል ምን ማድረግ ይችላል? እባካችሁ «በጀት የለም» ብላችሁ አትለፉኝ፣ እሱን አውቀዋለሁ።

ሩር ዳር

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ሩር ወንዝ አካባቢ። የምሠራው የመጠጥ ውሃ ላይ ስለሆነ ይህን ነገር በየጊዜው ከምንለካቸው ነገሮች አንዱ አድርገነዋል።

እዚህ ጉዳዩ ትኩረት ያገኘው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ተመራማሪዎች ከፍሳሽ ማጣሪያዎች የሚወጣውን ውሃ ሲመረምሩ የሲቲ ኮንትራስቶችን በስማቸው አገኟቸው። አዮፓሚዶል፣ አዮፕሮሚድ፣ አዮሜፕሮል፣ ዲያትሪዞኤት። ማጣሪያው ውስጥ ገብተው ብዙም ሳይቀንሱ ነው የሚወጡት። የተለመደ ማጣሪያ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ወይ ዝቃጩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ኮንትራስት ሁለቱንም አያደርግም።

ኤምአርአይም አለ። እዚያ የሚሰጠው አዮዲን ሳይሆን ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ሚካኤል ባውና ፒተር ዱልስኪ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በጀርመን ወንዞች ውስጥ ጋዶሊኒየም ከተፈጥሮው መጠን በላይ መኖሩን አሳዩ። ምንጩ ኤምአርአይ ነበር። የመጀመሪያው የጋዶሊኒየም ኮንትራስት ገበያ ላይ የዋለው በ1988 ነው። ስምንት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። አሁን በርሊን ውስጥ በቧንቧ ውሃ ሳይቀር ይለካል።

ጉዳቱን በተመለከተ አላስፈራህም። በወንዝ ውስጥ በሚገኘው መጠን ዓሣ ይገድላል የሚል ማስረጃ የለም። መድኃኒቱ ራሱ የተሠራው ሰውነትን እንዳይነካ ተደርጎ ነው። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። አይጠፋም፣ ከውሃ ጋር የትም ይሄዳል፣ በየዓመቱም ይጨመርበታል። በ2000 አካባቢ ሲጠቀስ የነበረው ግምት ለዓለም በዓመት 3,500 ቶን፣ ለጀርመን ብቻ 500 ቶን ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሲቲ ማሽን ቁጥር ምን ያህል እንዳደገ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ቅድሚያ

ይቅርታ አድርጉልኝና በቅንነት ልቃወም። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። እኛ አገር ስንት ሆስፒታል ውስጥ ነው ሽንት ቤቱ ውሃ ያለው? የአንቲባዮቲክ ቅሪት፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች፣ ኮሌራ እያሉ ዓሣ እንኳን የማይገድል ነገር ላይ ጊዜ ማጥፋት ትክክል ነው? አቃቂ ወንዝ ዳር በሚለማው ጎመንና ሰላጣ ላይ ያለውን ችግር ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ውስጥ ኮንትራስት ስንተኛ ነው?

የሲቲ ሰው

እርስዎ ያሉትን አልክድም። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከኮንትራስት ይቀድማል። ግን እኔ የኮሌራ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ያን ኮንትራስት በእጄ የምሰጠው ሰው ነኝ። እያንዳንዱ በያዘው በኩል ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ደግሞ ሲቲ በከተማችን በየጊዜው እየጨመረ ነው። ቁጥሩ ገና ትንሽ ሳለ ሥርዓት ማስያዝ አይቀልም?

ሲስተር ከጎንደር

እኔ ነርስ ነኝ። ከዎርድ የሚወጣ ሽንትና ደም ላይ በረኪና ነው የምናደርገው። እሱ አይበቃም? በረኪና ሁሉን ነገር ይገድላል ነው የተባልነው።

አዮዲን 53

ሲስተር፣ በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ለዚያ ሥራው እንዳትተዪው። ኮንትራስት ላይ ግን አይሠራም። እንዲያውም አዮፓሚዶል የሚባለውን ኮንትራስት ያባብሰዋል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ አለ። አዮፓሚዶልን የተፈጥሮ ብስባሽ ባለበት ውሃ ውስጥ ከክሎሪን ጋር ሲያገናኙት አዮዲን ያለባቸው ትንንሽ ውሁዶች ተፈጠሩ። ከእነዚያ አንዱ አዮዶአሴቲክ አሲድ ነው። በቤተ ሙከራ የእንስሳት ሕዋስ ላይ ሲፈተሽ ዘረመልን በመጉዳት ከሚታወቁት የክሎሪን ተረፈ ምርቶች ሁሉ የከፋው እሱ ሆኗል። ሌሎቹ ኮንትራስቶች፣ ለምሳሌ አዮሄክሶል፣ ከክሎሪን ጋር ያን ያህል አይጣሉም። ስለዚህ ማዕከላችሁ የትኛውን እንደሚገዛ ማወቅ ራሱ ጥቅም አለው።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ለምን እንዲህ እልከኛ እንደሆነ ልንገራችሁ። ሞለኪሉ መሃል ላይ የካርቦን ቀለበት አለ፣ ሦስት አዮዲን ተጣብቀውበታል። ዙሪያውን ውሃ በጣም የሚወዱ ክንዶች አሉት። ውሃ ስለሚወድ ዝቃጭ ላይም ከሰል ላይም መጣበቅ አይፈልግም። ኦዞን (ውሃ ለማጣራት የሚጠቀሙበት ጋዝ) የሚያጠቃው ኤሌክትሮን የሞላበትን ቦታ ነው፣ እዚህ ቀለበት ላይ ደግሞ ኤሌክትሮኑ በክንዶቹ ተስቧል። ባክቴሪያም ለመብላት አይመቸውም። በሽተኛውን ሳይጎዳ እንዲወጣ ያደረገው ጠባይ ከማጣሪያችንም ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

ዴልፍት ጎረቤት

ኔዘርላንድ ነው ያለሁት። እዚህ ዴልፍት ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የራሱን ፍሳሽ እዚያው ግቢው ውስጥ ያጣራል። መጀመሪያ ባክቴሪያ ያለበት ገንዳና ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ወንፊት፣ ቀጥሎ ኦዞን፣ ከዚያ ደግሞ አክቲቭ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል)። ዴንማርክ ውስጥ ሄርሌቭ ሆስፒታልም ከ2014 ጀምሮ ተመሳሳይ ማጣሪያ አለው። ለአብዛኛው መድኃኒት በጣም ጥሩ ነው። ለሕመም ማስታገሻው፣ ለአንቲባዮቲኩ፣ ለሚጥል በሽታ መድኃኒቱ።

ሩር ዳር

ለአብዛኛው አዎ። ለኮንትራስት ግን ኦዞን ደካማ ነው። አዮዲን 53 ምክንያቱን በደንብ አስቀምጦታል። አዮፕሮሚድና አዮሜፕሮል በከፊል ይቀንሳሉ፣ ዲያትሪዞኤት ግን ምንም ያልነካው ያህል ያልፋል። ካርቦኑም ሲጀመር ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይሞላና መልቀቅ ይጀምራል። ዲያትሪዞኤት ከሁሉ ቀድሞ ያመልጣል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) በደንብ ይይዘዋል፣ ነገር ግን ኮንትራስቱ የተጠራቀመበትን ውሃ የት ልታደርገው ነው? ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ስዊዘርላንድ በ2016 ሕግ አውጥታ ትልልቅ ማጣሪያዎቿን በኦዞን ወይም በካርቦን እያሻሻለች ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 አዲስ የፍሳሽ መመሪያ አጽድቋል። ለተጨማሪው ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲከፍሉ ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማጣሪያው መሥራቱ የሚመዘንባቸውን ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ብታዩት የሲቲ ኮንትራስት የለበትም። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተንም ኮንትራስቱ ማለፉን አያቆምም ማለት ነው።

የፍሳሽ ሰው

እኔ አዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። ከላይ ያሉት ያነሱትን ወደ እኛ ልመልሰው።

የሲቲ ሰው፣ የናንተ ቦቴ የሚያራግፈው ወደ ዝቃጭ ማድረቂያ ነው። መስመር የገባለት ሰፈር ፍሳሽ ደግሞ ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለሚበሰብስ ቆሻሻ የታሰበ ነው። ባክቴሪያው ይበላል፣ የተረፈው ይዘቅጣል። የሐዋሳው ሪፈራል ሆስፒታልም ፍሳሹን በኩሬዎች ነው የሚያጣራው። ኩሬ ለጀርምና ለሚበሰብሰው ነገር ደህና መላ ነው፣ በተለይ ለኛ ፀሐይ። ኮንትራስት ግን ከነዚህ አንዱም የታሰበለት አይደለም። የቃሊቲ ውሃ ደግሞ መጨረሻው አቃቂ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳውም። ሆስፒታሉ ውስጥ ማጣሪያ ብንተክል እንኳ ሲቲ የሚነሳው ሰው እኮ ቤቱ ይሄዳል! ተመላላሽ ታካሚ ነው። መርፌውን ቦሌ ይወጋል፣ ሽንቱን ኮተቤ ይሸናል። ትልቁ ድርሻ የሆስፒታሉን በር አልፎ ነው የሚወጣው።

ዴልፍት ጎረቤት

ለዚህ ነው እዚህ የሽንት ከረጢት የመጣው! በአንዳንድ ሆስፒታል ሲቲ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ከረጢቶች ይሰጠዋል። ውስጣቸው ሽንቱን ወደ ጄል የሚቀይር ዱቄት አለ። ቤቱ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሽንቶች እዚያ ውስጥ ይሸናል፣ ይዘጋል፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይጥላል። ቆሻሻው ይቃጠላል።

ሩር ዳር

እኛ ጋም ሩር ላይ ሙልሃይም ከተማ ውስጥ ተሞክሯል። ሰው እሺ ይላል ወይ ነበር ዋናው ጥያቄ። ብዙ ሰው እሺ ይላል፣ ምክንያቱን ብቻ በደንብ ማስረዳት ነው። «የምትጠጣው ውሃ ከዚህ ወንዝ ነው የሚመጣው» ስትለው ይገባዋል።

እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ኮንትራስትን ከፍሳሽ ማውጣት የሚለው አባባል ራሱ ዘግይቷል። ወጥ ውስጥ የገባን ጨው መልሰህ አታወጣውም። ፍሳሽ ውስጥ ሳይገባ ነው መያዝ ያለበት። ለማጣሪያ የምናወጣው ገንዘብ ለሌሎቹ መድኃኒቶች ይጠቅማል፣ ይቀጥል። ለኮንትራስት ግን ትክክለኛው ቦታ ከሽንት ቤቱ በፊት ነው።

የፍሳሽ ሰው

እስማማለሁ፣ ግን ለኛ አገር አንድ ነገር ልጨምር። የናንተ ከረጢት የሚሠራው መጨረሻ ስላለው ነው። ጭሱን የሚያጥብ ትልቅ ማቃጠያ አላችሁ። እኛ ጋ ከረጢቱ ከቤት ቆሻሻ ጋር ወጥቶ ሜዳ ላይ ከተጣለ ዝናብ ያጥበውና ወንዝ ይገባል። በአብዛኛው ጤና ተቋም ያለችው የጡብ ማቃጠያ ደግሞ ሙቀቷ ዝቅተኛ ነው፣ ጭሱንም የሚያጥብ የለም። ረጥብ ጄል ብታስገባባት ወይ አትቃጠልም፣ ወይ አዮዲኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል። መጨረሻው ሳይዘጋጅ መሰብሰብ መጀመር የለብንም። አለበለዚያ ሰውን አስቸግረን ያው ቦታ ነው የምናደርሰው።

ማሚቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ አገር ቤት የምትነሳው ኮንትራስት ያለው ሲቲ ታዞላታል። ይሄን አንብቤ ደነገጥኩ። ትቅር እንዴ?

የሲቲ ሰው

እህቴ በፍጹም እንዳትቀር! ሐኪሟ ያዘዘው ምክንያት ስላለው ነው። የምናወራው ከሰውነት ከወጣ በኋላ ስላለው ነገር ነው። የኩላሊት ምርመራዋን (ክሬቲኒን የሚባለውን) ይዛ ትምጣ። ከዚህ በፊት ለኮንትራስት አለርጂ አሳይታ ከሆነ ትናገር። የስኳር መድኃኒት ከምትወስድም ለሐኪሟ ትንገር። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

አዮዲን 53

እንግዲህ ወደምወደው ክፍል ደረስን። የፍሳሽ ሰው «መጨረሻው የት ነው» ብሏል። አንድ መላ አለ፣ ለእኛም የሚቀርብ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስሌቱን እዩት። አንድ ሆስፒታል በቀን 100,000 ሊትር ፍሳሽ አለው እንበል፣ አሥር ሰው ደግሞ በኮንትራስት ሲቲ ተነሳ። የአሥሩ ሰው 350 ግራም አዮዲን በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሲበተን በሊትር 3.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሽንታቸውን ለብቻ ብንይዘው ግን በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር፣ በጠቅላላው 20 ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን! በሊትር 17.5 ግራም፣ ማለትም 5,000 እጥፍ የጠነከረ። 100,000 ሊትር ላይ የማይቻል ኬሚስትሪ 20 ሊትር ላይ ይቻላል።

ኬሚስትሪው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ብረት ነው። ተራ ብረት። ኦዞን ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ይህ ሞለኪል ደግሞ ለዚያ አይመችም። ብረት በተቃራኒው ኤሌክትሮን ይሰጣል። ኤሌክትሮኑን ሲቀበል አዮዲኑ ከቀለበቱ ተላቆ አዮዳይድ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አዮፕሮሚድን በብረት ብናኝ እንዲህ እንዳፈረሱት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጽፈዋል፣ በኋላም ቀጥለውበታል። በኤሌክትሪክም ይቻላል፣ ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚሰጠው ጫፍ) ላይ ያው ነገር ይሆናል። ነገር ግን ሽንት ውስጥ ብዙ ጨው ስላለ በሌላኛው ጫፍ፣ አኖዱ ላይ፣ ክሎሪን ይፈጠርና አዲስ መዘዝ ያመጣል። ሁለቱን በስስ ግድግዳ መለየት ያስፈልጋል። ብረት ይቀላል።

በወረቀት ላይ ለ35 ግራም አዮዲን 15 ግራም ገደማ ብረት ይበቃል። በተግባር ግን በብዙ እጥፍ መጨመር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብረቱ ከውሃውም ጋር ይሠራል። ውሃው ትንሽ አሲድ ሲሆን ይፈጥናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ክሊኒክ ጓሮ እንዳትሞክሩት። ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል፣ ክዳን ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ይፈነዳል። አዮዳይድ ያለበት ውሃ ላይ ደግሞ በረኪና ብትደፉ የአዮዲን ትነት ነው የሚወጣው፣ ሳንባ ያቃጥላል። አዮዲኑ የወጣለት ቀለበትም ወዲያው ድራሹ ይጠፋል ማለት አይደለም፣ ለባክቴሪያ ግን ከበፊቱ ይመቻል። ይህ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ለማስተርስ ተማሪ ግሩም ርዕስ ነው፣ እኔ ራሴ ተማሪ እፈልግበታለሁ።

ጨለማ ክፍል

ስለ ምስል ኬሚካል ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው የምሠራው። ሲቲም ኤምአርአይም የለንም። ፊልም የምናጥበው አሁንም በዴቨሎፐርና በፊክሰር ነው (አንዱ ምስሉን ያወጣል፣ ሌላው ያጸናል)። ያገለገለው ፊክሰር መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይደፋል። ሲደፋ አይቼ ነው የተማርኩት፣ አዲስ የሚመጣውም እንዲሁ ይማራል። ስለዚህ የሚያወራ ሰው የለም እንጂ የኛ አገር የምስል ኬሚካል ገና እሱም ነው።

አዮዲን 53

ጨለማ ክፍል፣ አንተ ያነሳኸው ለብዙ ሆስፒታሎች ከኮንትራስት ይቀድማል። ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ በሊትር ከ3 እስከ 8 ግራም ብር አለ። አዎ፣ ጌጥ የሚሠራበት ብር። ፊልሙ ላይ ያልተነካው ብር ፊክሰሩ ውስጥ ይሟሟል። አሜሪካ ውስጥ ቆሻሻ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ብር ከደረሰ አደገኛ ተብሎ ይመዘገባል። ፊክሰሩ ከዚያ ወደ ሺህ እጥፍ ነው። የሟሟ ብር ለዓሣና ለባክቴሪያ መርዝ ነው፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ያሉትን ሠራተኛ ባክቴሪያዎችም አይምርም።

ማውጫው ብረት ነው። ፊክሰሩ የብረት ሱፍ (ድስት የሚፈገፈግበት ዓይነት፣ ግን ዝገት የማይዘው ስቲል ያልሆነ) በተጠቀጠቀበት ባልዲ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። ብረቱ ይሟሟል፣ ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ባልዲ በተከታታይ ማድረግ ይሻላል። የሚወጣው ውሃ ውስጥ የጸዳ የመዳብ ሽቦ ንከሩ፣ ብር ከለበሰ የብረት ሱፉ አልቋል፣ ይቀየር። ዴቨሎፐሩንና ፊክሰሩን አንድ ላይ አትደፉ። ዴቨሎፐሩ አልካሊ ስለሆነ ከፊክሰሩ አሞኒያ ያስወጣል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያፍናል። ጓንትና መስኮት አይቅር።

ጨለማ ክፍል

የመዳብ ሽቦዋን ነገር ዛሬውኑ እሞክራታለሁ። የብረት ሱፍ ሱቅ አለ። በጣም አመሰግናለሁ መምህር። ብሩን ማን ይገዛል የሚለውን ደግሞ አስተዳደሩ ይጨነቅበት።

ቅድሚያ

እኔ መጀመሪያ የተቃወምኩት ነኝ። ፊክሰሩ ላይ ሐሳቤን ቀይራችሁኛል። ርካሽ ነው፣ ዛሬ ይጀመራል፣ ጉዳቱም ግልጽ ነው። የሲቲው ላይ ግን አሁንም እጠይቃለሁ። የብረቱ ሙከራ እስኪሳካ ድረስ የሲቲ ሰው ምን ያድርግ? የጥናት ርዕስ ለሱ ሥራ አይሆነውም።

ሩር ዳር

ከተረፈው ይጀምር። ጠርሙስ ውስጥ የሚቀረው፣ ኢንጀክተሩ (ኮንትራስቱን የሚገፋው ማሽን) ውስጥ የሚቀረው ኮንትራስት አለ አይደል? ሽንት እንኳን ያልነካው ንጹሕ ኮንትራስት ነው። አውሮፓ ውስጥ አምራቾቹ ይህን ሰብስበው አዮዲኑን መልሰው ያወጡታል። አዮዲን ርካሽ አይደለም፣ አብዛኛው የሚመጣው ከቺሊና ከጃፓን ነው። በ2022 ሻንጋይ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ በኮቪድ ምክንያት ሲዘጋ ዓለም ሁሉ የኮንትራስት እጥረት ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሆስፒታል መጠኑን በታካሚው ክብደት ማስላት፣ ያለ ኮንትራስት የሚታየውን ያለ ኮንትራስት ማንሳት ተምሯል። ሳይሰጥ የቀረ ኮንትራስት ማጣሪያ አያስፈልገውም።

የሲቲ ሰው

እጥረቱን እናስታውሰዋለን፣ እኛም ጋ ተሰምቶ ነበር። የተረፈውን በተመለከተ ልክ ነህ። ቀኑ ሲያልቅ ሲንክ ውስጥ ነው የሚደፋው። ክዳን ያለው ጀሪካን ላይ ስሙን ጽፎ ማጠራቀም ምንም አይከብድም። አስመጪው ይመልስልን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በክብደት ማስላቱን ደግሞ ከራዲዮሎጂስታችን ጋር እናወራበታለን፣ ያ የሱ ውሳኔ ነው።

የፍሳሽ ሰው

አንድ ሌላ ሐሳብ። ታካሚው መርፌውን ከወሰደ በኋላ ለአለርጂ ክትትል እናንተ ጋ ይቆያል አይደል? ስንት ደቂቃ?

የሲቲ ሰው

ግማሽ ሰዓት ገደማ። ውጤት የሚጠብቅ ደግሞ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ይቆያል።

የፍሳሽ ሰው

እንግዲያው ከረጢት ሳያስፈልግ የተወሰነውን መያዝ ይቻላል። በሁለት ሰዓት ግማሹ የሚወጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ሲሶ ገደማ ይወጣል። ከመሄዳቸው በፊት የሚሸኑበት አንድ ሽንት ቤት ለብቻ ቢለይ፣ ሽንቱን ከሰገራ የሚለይ መቀመጫ ቢገጠምለትና ከታንኩ ሳይገናኝ በቀጥታ ወደ 200 ሊትር በርሜል ቢገባ? የቧንቧ ሥራው የአንድ ቀን ነው። በርሜሉ ሲሞላ ለመምህሩ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። መጨረሻው ያለው ትንሽ ሥራ መጨረሻ ከሌለው ትልቅ ሥራ ይሻላል።

አዮዲን 53

በርሜሉን እቀበላለሁ። መጀመሪያ 20 ሊትር ብቻ አምጡልኝ። አዮዳይድ የሚለካ ኤሌክትሮድ አለን፣ ስለዚህ ብረቱ ምን ያህል አዮዲን እንዳላቀቀ በየሰዓቱ ማየት እንችላለን። የኤምአርአይ ሽንት ግን አትቀላቅሉብኝ። ጋዶሊኒየምን ከያዘው ሞለኪል ማላቀቅ አንፈልግም፣ ተላቆ ብቻውን ሲሆን ነው መርዝ የሚሆነው።

ሲስተር ከጎንደር

የሚለጠፈው ማስታወቂያ በደንብ ይጻፍ። ሰው «ሽንትህ መርዝ ነው» የተባለ እንዳይመስለው። አረጋውያንም እንዳይሳቀቁ።

የሲቲ ሰው

ሲስተር፣ ይህን ጽፌያለሁ፣ እይልኝ፦

«ክቡራን ታካሚዎች፣ ለምርመራው የተሰጥዎት ፈሳሽ በሽንት ይወጣል። ለእርስዎ ጉዳት የለውም፣ ወንዛችን ውስጥ ሲገባ ግን በቀላሉ አይጠፋም። ከመሄድዎ በፊት ቁጥር 2 ሽንት ቤት ቢጠቀሙ ለብቻው እንይዘዋለን። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ሲስተር ከጎንደር

ጥሩ ነው። «ለእርስዎ ጉዳት የለውም» የሚለውን ግን አውጣው፣ አለርጂ የሚይዘው ሰው አለ። በሱ ፈንታ «ማሳከክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያውኑ ይንገሩን» በል። ከሁሉም በላይ መጀመሪያው መስመር ላይ «ውሃ በደንብ ይጠጡ» ይግባ፣ ሐኪም ውሃ እንዲቀንስ ያዘዘለት ካልሆነ በስተቀር። አንዳንዱ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብሎ ውሃ ሊተው ይችላል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በቃል የሚነግራቸው ሰው መድብ። ሽንት ቤቷም በርጩማና መያዣ ብረት ይኑራት፣ ጉልበት ለሚያማቸው።

የሲቲ ሰው

አስተካክዬዋለሁ። መያዣ ብረቷን አላሰብኳትም ነበር፣ ከቧንቧው ሥራ ጋር አብራ ትገባለች። ሰኞ ለሜዲካል ዳይሬክተራችን አቀርባለሁ። የፍሳሽ ሰው፣ የመቀመጫውንና የበርሜሉን ንድፍ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የሽንት ቤቱን ልኬት ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ።